«እሺ» ካሉ በኋላ

በራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና በአንዋር መስጊድ አካባቢ ተሸካሚውን፣ ጋሪውንና የጭነት መኪናውን እየተጋፋ ያለፈ ሰው፣ ከዚያ ሠፈር ጓሮ ጸጥ ያለ መሥሪያ ቤት አለ ቢሉት አያምንም። ዳሩ ግን አንድ የኮሌጅ ጓደኛዬ በእናቱ ቤት፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ተቀምጦ፣ የውጭ አገር ድርጅት ፕሮግራም ማናጀር ሆኖ ይሠራል። አለቃው በአውሮፓ፣ ባልደረቦቹ በናይሮቢና በሐዋሳ ናቸው። ጎረቤቶቹ ግን ጧት ሲወጣ ስለማያዩት ሥራ ፈት መስሏቸው ለእናቱ ያዝኑላቸዋል።

ፕሮግራም ማናጀር ማለት ምን ማለት ነው? ወደ አንድ ዓላማ የሚሄዱ ብዙ ሥራዎችን የሚያያይዝ፣ ማን ማንን እንደሚጠብቅ የሚያውቅ፣ የሚዘገየውንም ቀድሞ የሚያስታውቅ ሰው ነው። መሣሪያው ኮምፒዩተርና ኢንተርኔት ይሁን እንጂ ዋናው ዕቃው የሰው ቃል ነው።

ባለፈው ዓመት ይኸው ቃል ሊያዋርደው ነበር። የሐዋሳው ባልደረባ የሥልጠናውን መጽሐፍ እስከ ዓርብ ተርጕሞ እንዲያደርስ ሲጠየቅ «እሺ» አለ። ጓደኛዬም ይህንኑ አምኖ ላለቃው ጻፈ። ዓርብ ሲደርስ ትርጕሙ ገና ከግማሽ አላለፈም ነበር። አታሚው ቆመ፤ አሠልጣኞቹም ቆሙ፤ ጓደኛዬም ከሥራው ሊሰናበት ጥቂት ቀረው። ባልደረባው ሲጠየቅ፣ «እንደማይደርስ ዐውቅ ነበር፤ ግን እንዴት እምቢ ይባላል?» አለ።

በዚህ ሰው ለመፍረድ የሚደፍር ማነው? በኛ ዘንድ ለአለቃ እምቢ ማለት እንደ ነውር ስለሚቈጠር «እሺ» የምንለው ብዙ ጊዜ «ሰምቻለሁ» ለማለት ነው። አጠገባችን የተቀመጠ ሰው ከፊታችን አንብቦ ይረዳው ይሆናል። በሩቅ ያለው ግን፣ ያውም መስመሩ ደክሞ ሥዕሉ ሲጠፋ፣ ቃላችንን ብቻ ይቀበላል። ነገሩ የቆየ ነው፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894፣ ሐረርን ከአዲስ አበባ የሚያገናኘው የ477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር ሥራ ሲጀመርም ሽቦው ድምፅን ያመጣ ነበር እንጂ ፊትን አያመጣም ነበር።

መፍትሔውን የሰጡት ወደ ደሴና ወደ ጅማ ጨርቅ የሚልኩ አንድ ጎረቤት ነጋዴ ናቸው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ደንበኞችዎን ሳያዩ እንዴት ያምኗቸዋል?» አላቸው።

«ልጄ፣ እኔ ‹እሺ› ሲሉኝ ስልኩን አልዘጋም። ስንት ጣቃ? በየትኛው መኪና? በምን ቀን? የሚያሰናክልህስ ምንድን ነው? ብዬ እጠይቃለሁ፤ ጽፌም መልሼ አነብለታለሁ። ‹አይሆንልኝም› የሚለኝን ደግሞ አልቈጣውም፤ ዛሬ ብቈጣው ነገ ይዋሸኛል።»

ጓደኛዬ ከዚያ ወዲህ እንዲሁ ያደርጋል። የኛ ሦስት ሰዓት በፈረንጅ አቈጣጠር ዘጠኝ ነውና ሰዓቱን በሁለቱም ይጽፋል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላው አገር መቋረጡን ስለማይረሳ፣ መስመር ቢጠፋ ሥራው በማን እጅ እንደሚቀጥልም አስቀድሞ ይስማማል።

ይህ ነገር የራጉኤሉን ልጅ ብቻ የሚመለከት አይደለም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ከቤታቸው ሆነው እንዲሠሩ ታዝዞ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ የመገኛ ፊርማ ለብቻው ምን ይመሰክራል? የሚመሰክረው ዛሬ ምን ልፈጽም ቃል ገባሁ፣ ምንስ ፈጸምሁ የሚለው ነው። ስለዚህ ወጣት ሠራተኛ ሆይ፣ «እሺ» ከማለትህ በፊት ቀኑን ቍጠር፤ የማይደርስ ከሆነም ዛሬውኑ በትሕትና ተናገር። ነገ አለቃ ስትሆን ደግሞ እውነቱን የነገረህን አታሸማቅቀው።

እኔም ከዚህ ነቀፋ አላመልጥም። በክፍል ውስጥ «ገባችሁ?» ስል ሁሉም ባንድ ድምፅ «አዎ!» ይሉኛል፤ ፈተናው ግን ሌላ ይመሰክራል። «አልገባኝም» ያለውን አንድ ልጅ በጓደኞቹ ፊት ያሳፈርሁበት ቀን ትዝ ይለኛል። ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ጥያቄዬን ለውጬ «ያልገባው ማነው?» ልል፣ መጀመሪያ እጁን ያወጣውንም ላመሰግን ቈርጫለሁ።