ፈገግታ ፈቃድ አይደለም

ታይላንዳውያን ነጩን እንግዳ «ፋራንግ» ይሉታል። ቃሉ ለጆሯችን ባዳ አይደለም፤ ከእኛው «ፈረንጅ» ጋር ዘመድ ነው። ሁለቱም ፍራንክ ከሚባለው የአውሮፓ ሕዝብ ስም ተወልደው፣ በፋርስና በዐረብ አንደበት አልፈው፣ አንዱ ወደ ሩቅ ምሥራቅ ሌላው ወደ እኛ የመጡ ናቸው። ከዚህ የቃል ዝምድና ይልቅ ከታይላንድ ሰው ጋር የሚያቀራርበን ግን ሌላ ነገር አለ፤ ይሉኝታ። እነርሱ «ክሬንግ ጃይ» ይሉታል፤ «መፍራት» እና «ልብ» ከሚሉ ሁለት ቃላት የተዋቀረ ነው። ሰውን እንዳላስቸግር፣ እንዳላስቀይም፣ በሰው ፊት እንዳላሳፍር የሚል የልብ ሥጋት ማለት ነው።

ስለ ታይላንድ ለመንገደኛ የሚጻፉ መምሪያዎች ይህን ልብ ትተው ዝርዝሩን ይደረድራሉ። ቤት ሲገቡ ጫማ ማውለቅ፤ እግርን ወደ ሰው ወይም ወደ ቡድሃ ምስል አለመዘርጋት፤ የማንንም ራስ አለመንካት፤ ሴት መነኩሴን አለመንካቷ፤ በቤተ መቅደስ ትከሻንና ጉልበትን መሸፈን፤ ጠዋት በ2 ሰዓትና ምሽት በ12 ሰዓት ብሔራዊ መዝሙሩ በአደባባይ ሲሰማ መቆም። ሁሉም እውነት ነው። ይሁን እንጂ ዳኛ ፊት የሚያቆመው ነውር ጥቂት ነው። ንጉሡን መዝለፍ በወንጀል ሕጋቸው አንቀጽ 112 መሠረት ከ3 እስከ 15 ዓመት ያሳስራል። የቀረውን ግን ቢተላለፉት ከሳሽ የለውም። የተቀየመው ሰው ፈገግ ብሎ «ማይ ፔን ራይ»፣ ምንም አይደለም፣ ይላል። እንግዳውም የተወደደ መስሎት ይሄዳል።

እኛስ? ለሕክምናም ለንግድም ባንኮክ የሚመላለሰው ወገናችን ጥቂት አይደለም። ጫማ አውልቆ መቅደስ መግባትን፣ ለታላቅ ጎንበስ ማለትን ከልጅነቱ የተማረ ሰው መምሪያ ምን ያደርግለታል እንል ይሆናል። ስሕተታችን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሽማግሌያችን በሆስፒታል መጠበቂያ ክፍል አጠገባቸው የተቀመጠውን ሕፃን ራሱን ቢዳብሱት፣ በእኛ ዘንድ ምርቃት ነው። በዚያ አገር ግን ራስ ከአካል ሁሉ የከበረ ነው። የማታውቀው እጅ ሲያርፍበት እናቲቱ በልቧ ልትሸማቀቅ፣ በፊቷ ግን ፈገግ ልትል ትችላለች። በጎ ልብ ብቻውን ሰውን ጨዋ አያደርግም።

ይሉኝታ እውነትን ይሸፍናል፣ የበታች የበላዩን ስሕተት እያየ ዝም እንዲል ያደርጋል የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው፤ እኛም በቤታችን እናውቀዋለን። ይሁንና ይሉኝታውን መተቸት የባለቤቱ ፋንታ ነው፤ የእንግዳው ፋንታ በዚያ ይሉኝታ አለመጠቀም ነው። ባለቤቱ ካልተናገረ እንግዳው መጠየቅ፣ ባለቤቱ ካልገሠጸ እንግዳው ራሱን መገሠጽ አለበት።

«እንዳገሩ ይኖሩ» ይላል ብሂላችን። ዝርዝር መሸምደድ ማለት አይመስለኝም። ደጃፍ ላይ የተደረደሩትን ጫማዎች ቀድሞ ማየት ነው። መዳፎችን አጋጥመው የሚሰጡትን «ዋይ» የተባለ ሰላምታ ታናሹ ለታላቁ ቀድሞ እንደሚያቀርብ ማስተዋል ነው። ድምፅን ዝቅ፣ እጅን ሰብሰብ ማድረግ ነው። «ምንም አይደለም» ሲሉንም፣ «ምን አጥፍቼ ይሆን?» ብሎ ራስን መጠየቅ ነው።