የገጽ ልስላሴ ከመቁረጫው መስመር ይጀምራል

በዋቤ ሸበሌ ወንዝ ላይ የተገነባው የመልካ ዋከና የኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1988 ሥራ ጀመረ፤ የማመንጨት አቅሙም 153 ሜጋዋት ነው። በእንዲህ ያለ ጣቢያ ውሃ ጉልበቱን ለብረት የሚያስረክበው በተርባይኑ ራነር ላይ ነው። ራነሩ ጠመዝማዛ ገጾች ስላሉት ዛሬ ለዚህ ዓይነት ክፍል የሚስማማው ባለ አምስት ዘንግ ሲኤንሲ የሚሊንግ ማሽን ነው። ገጹ ሻካራ ከሆነ ሰበቃው ይጨምራል፤ ጫና በተፈራረቀበት ቁጥርም ስንጥቅ ከሻካራው ቦታ ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ የገጽ ልስላሴ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

በዚህ ዘርፍ የተለመደው የጥናት ስልት የመቁረጫ ፍጥነትን፣ ፊድንና የቆረጣ ጥልቀትን እየለዋወጡ መሞከር፣ ውጤቱን በታጉቺ ሠንጠረዥ ማደራጀትና የተሻለውን ጥምረት ማሳወቅ ነው። ስልቱ ለጠፍጣፋ ገጽ ሊበቃ ይችላል። ለጠመዝማዛ ገጽ ግን ዋናውን ጉዳይ፣ ማለትም መቁረጫው የሚጓዝበትን መስመር፣ ይዘለዋል።

ከሮቤ እስከ ጎሮ ባለው የስንዴ አገር በበሬ ያረሰ ገበሬ በሁለት ፈሮች መካከል ሸንተረር እንደሚቀር ያውቃል። ጫፉ ድቡልቡል የሆነ መቁረጫም በብረት ላይ ተመሳሳይ ሸንተረር ይተዋል። በጠፍጣፋ ገጽ ላይ የሸንተረሩ ከፍታ በግምት የመስመሮቹ ርቀት ካሬ ለመቁረጫው ራዲየስ ስምንት እጥፍ ሲካፈል የሚገኘው ነው። ራዲየሱ 5 ሚሊሜትር፣ ርቀቱ 0.5 ሚሊሜትር ቢሆን ከፍታው 6.25 ማይክሮሜትር ይሆናል። ርቀቱ በግማሽ ሲቀነስ ከፍታው ወደ 1.56 ማይክሮሜትር ይወርዳል፤ የጉዞው ርዝመት ግን እጥፍ ይሆናል። የመቁረጫውን ፍጥነት ማስተካከል ይህን ሸንተረር አያጠፋውም።

የመቁረጫው አዘነባበልም እንዲሁ ይመዝናል። የድቡልቡሉ ጫፍ በመሽከርከሪያው ዘንግ ላይ ስለሚያርፍ የመቁረጥ ፍጥነቱ ዜሮ ነው፤ ብረቱን ከመቁረጥ ይልቅ ይፈገፍገዋል። ባለ 10 ሚሊሜትር መቁረጫ 15 ዲግሪ ሲያዘነብል ግን በንክኪው ነጥብ 2.6 ሚሊሜትር ያህል የመቁረጫ ዲያሜትር ያገኛል። ይሁንና አዘነባበሉ ከነጥብ ወደ ነጥብ በድንገት ከተለወጠ የሚሽከረከሩት ዘንጎች ሊከተሉት ይቸገራሉ፤ ማሽኑ ይዘገያል፤ በገጹም ላይ ምልክት ይቀራል። ስለዚህ አዘነባበሉ ተገቢ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ለውጡም ቀስ በቀስ መሆን አለበት።

ባለ አምስት ዘንግ ማሽን ውድ ነውና ይህ ጥናት ለሮቤ ወይም ለጎባ ተመራማሪ የሩቅ ነው የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። ክርክሩ እውነትነት ቢኖረውም ሙሉ አይደለም። የመስመር ስሌት የሚሠራው በኮምፒዩተር ነው፤ ፍሪካድን የመሰለ ነፃ ሶፍትዌርም አለ። የአዘነባበልን ውጤት ለመፈተሽ ደግሞ ናሙናውን በሳይን ባር አጋድሎ በባለ ሦስት ዘንግ ማሽን መቁረጥ ይቻላል። ይህ ዘዴ የአምስቱን ዘንጎች የአንድ ጊዜ እንቅስቃሴ አይፈትሽም፤ የመስመር ርቀትንና የአዘነባበልን ድርሻ ግን ለይቶ ያሳያል። እንደ መዳ ወላቡ ላሉ ከዋና ከተማው ርቀው ለሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎች ይህ ክፍት በር ነው።

በሪፖርት አጻጻፍም ለውጥ ያስፈልጋል። ሻካራነት በመስመሩ አቅጣጫ ሲለካና መስመሩን አቋርጦ ሲለካ የተለያየ ውጤት ይሰጣል። የልኬቱን አቅጣጫ፣ የመስመሮቹን ርቀት፣ የአዘነባበሉን ማዕዘንና ሶፍትዌሩ የተሰጠውን የስሕተት ወሰን ያላሰፈረ ጽሑፍ ውጤቱ የቱንም ያህል ቢያምር ሌላው ሊደግመው አይችልም። አማካሪዎችና ገምጋሚዎች እነዚህን አራት መረጃዎች እንደ ግዴታ ቢጠይቁ ወጪው ከአንድ አንቀጽ አይበልጥም፤ ተከታዩ ተማሪም ከባዶ አይነሣም።