የኅሊና ነጻነትና የክትባት ግዴታ

የሰውን ኅሊና ማክበርና የሕዝብን ጤና መጠበቅ፥ ሁለቱም ከሕግ የሚጠበቁ ሥራዎች ናቸው። ሁለቱ የተጋጠሙ እንደሆነ ግን ዳኛ የሚመዝነው ምኑን ነው? በኮሮና ወረርሽኝ ዘመን በአሜሪካ የተደረገው ክርክር ለዚህ ጥያቄ ትምህርት ይሰጣል፤ ዘመኑንም በኤውሮፓ አቆጣጠር እንጽፈዋለን።

በ1964 በወጣውና በ1972 በተሻሻለው የአገሩ ሕግ መሠረት፥ ሠራተኛ ስለ ሃይማኖቱ ክትባትን እምቢ ቢል፥ በሥራው ላይ ከባድ ችግር የማያመጣ እስከሆነ ድረስ አሠሪው ሌላ መንገድ ሊፈልግለት ይገባል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1977 ከኢምንት የበለጠ ወጪ እንኳ ለአሠሪው ምክንያት ይሆነዋል ብሎ ነበር። በ2023 ግን እሑድ አልሠራም ባለ የፖስታ ሠራተኛ ነገር ሲፈርድ፥ ችግሩ ለድርጅቱ በእውነት ከባድ መሆን አለበት ሲል በ9ኙ ዳኞች ሙሉ ስምምነት ሚዛኑን አጠበቀው።

ዳኛው ግን የሃይማኖት መምህር አይደለም። በሮማ ያለው የካቶሊካውያን የሃይማኖት ትምህርት ጉባኤ በ2020 መጨረሻ፥ ካስወረዱት ፅንስ በተገኘ የሕዋስ ዘር የተዘጋጀውን የኮሮና ክትባት፥ ሌላ በታጣ ጊዜ መቀበል እንደሚቻል አስታወቀ፤ ነገር ግን ክትባት በፈቃድ ይሁን አለ። ይህን ሰምቶ ኅሊናው እምቢ ያለውን ካቶሊካዊ፥ ዳኛው «ከቤተ ክርስቲያንህ ለምን ተለየህ?» ብሎ አይጠይቀውም። ፍርድ ቤቱ በ1981 እንደ ወሰነው፥ እምነቱ የማኅበሩ ሁሉ ባይሆንም ይጠበቅለታል፤ የሚመረመረው እውነተኛነቱ ነው።

ይሁን እንጂ እውነተኛ እምነት ባልንጀራን ለመጉዳት ፈቃድ አይሆንም። የሜይን ግዛት የሃይማኖትን ምክንያት ሳይቀበል የጤና ሠራተኞችን ባስገደደ ጊዜ፥ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2021 ደንቡን አላግድም አለ። 3 ዳኞች ግን፥ በሕመም ምክንያት የሚታለፍ ሠራተኛ ካለ ለእምነት ለምን ይከለከላል ሲሉ ተቃወሙ። ነቀፌታቸው ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን አልጋ ላይ የተኛ ሕመምተኛ አስታማሚውን አይመርጥም። ክትባቱም የበሽታውን መተላለፍ ፈጽሞ ባያስቀር፥ አደጋውን መቀነሱ ለሕመምተኛው ከንቱ አይደለም።

ስለዚህ መመዘን ያለበት የሠራተኛው ሃይማኖት ሳይሆን የቆመበት የሥራ ስፍራ ነው። ብቻውን መዝገብ ለሚጽፍ ምርመራና የአፍ መሸፈኛ ይበቃው ይሆናል፤ ሕፃንና ሽማግሌ ለሚያስታምም ግን ሌላ የሥራ ስፍራ መፈለግ ይገባል። ባለሥልጣን ሰውን ከሥራ ከማሰናበቱ በፊት ይህን ይመርምር፤ ካህንም መርፌን ለፈራ ሰው ሁሉ የእምነት ምስክር አይሁን። ሐሰተኛ ምስክርነት በበዛ ቁጥር የሚጎዳው በእውነት የሚያምነው ነውና።