መደበቅ ሌላ፣ ማድበስበስ ሌላ

ሰሞኑን ታትሞ ያነበብኩት አንድ መጣጥፍ ሎግላይንን፣ ማለትም የፊልምን ታሪክ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያስተዋውቀውን ጽሑፍ፣ የሻጭ ወሬ ያደርገዋል። የወንጀል ፊልም ታሪክ በአንድ ዓረፍተ ነገር ከተነገረ ምስጢሩ አለቀ ባይ ነው። ስለዚህ ጀማሪዎች አድበስብሰው እንዲጽፉ ይመክራል።

አልስማማም። የፊልም ዳይሬክተሩን ሂችኮክን የሚያህል ምስጢር ጠባቂ ከየት ይመጣል? እ.ኤ.አ. በ1960 «ሳይኮ» የተሰኘው ፊልሙ ሲታይ፣ ዘግይቶ የመጣ ተመልካች እንዳይገባ አስከልክሏል። ግን በፊልሙ ሎግላይን አንዲት የቢሮ ጸሐፊ ባንክ እንድታስገባ የተሰጣትን 40,000 ዶላር ይዛ ጠፍታ ጭር ያለ ሞቴል አደረች ቢባል ምን ይጎድላል? ጉዱ ያለው ከዚያ ወዲያ ነው።

በመጣጥፉ ምክር ብንሄድ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው «ዘ ሳይለንስ ኦቭ ዘ ላምብስ» እንዲህ ይጻፋል፦ «አንዲት ወጣት መርማሪ አስፈሪ ምስጢር ውስጥ ትገባለች።» የትኛዋ መርማሪ? የምን ምስጢር? ይህ ለመቶ ፊልም ይሆናል። እስቲ እናጥራው፦ «በሥልጠና ላይ ያለች የኤፍቢአይ ዕጩ፣ የሴቶችን ቆዳ የሚገፍ ገዳይ ያገታትን የሴናተር ልጅ በሕይወት ለማትረፍ፣ የታሰረ ሰው በላ ሐኪም ዘንድ ሄዳ የልጅነት ቁስሏን በመረጃ ትለውጣለች።» ጀግናዋ አለች፤ ጊዜ ይሮጣል፤ ዋጋውም ታውቋል። ፍጻሜው ግን አልተነካም። «አስፈሪ»ም የሚል ቃል አላስፈለገም፤ እንዲህ ያለው ቅጽል ብዙውን ጊዜ የሚገባው ደራሲው የሚያስፈራ ነገር ሲያጣ ነው።

ሎግላይኑ አልጨበጥ ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ድርሰቱ ራሱ ባለታሪኩ ምን እንደሚፈልግ አልወሰነም። የመጣጥፉ ጸሐፊ ሆይ፣ ለጀማሪዎች የሰጡትን ምክር እባክዎ መልሰው ይዩት።