የመለዋወጫ ግዢ ውሳኔ የባለመኪናው ነው፦ ከጋራዥ ባለሙያዎች ማኅበራችን የተሰጠ የአቋም መግለጫ

እኛ በአዲስ አበባ በተሽከርካሪ ጥገና ሥራ የተሰማራን የማኅበሩ አባላት በመለዋወጫ ግዢ ላይ በባለመኪናው፣ በጋራዡና በሱቁ መካከል እየሰፋ በመጣው አለመተማመን ላይ መክረን የደረስንበትን አቋም ለአባሎቻችን፣ ለደንበኞቻችን፣ ለመለዋወጫ ነጋዴዎችና ለሚመለከታቸው የመንግሥት አካላት እናሳውቃለን። አቋማችን ይህ ነው፦ ዕቃው ከየት እንደሚገዛ የሚወስነው ገንዘቡን የሚያወጣው ባለመኪና ነው። መካኒክ የሚያስፈልገውን ዕቃ ለይቶ በቁጥሩ ጽፎ ይሰጣል፣ ሲጠየቅም ይመክራል፤ ከሱቁ ግን በድብቅ የሚቀበለው ነገር ሊኖር አይገባም።

ጉዳዩ የቆየ ነው፤ አሁን ግን ከብዷል። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ በዶላር የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ተሰቀለ። እንግዲህ ዛሬ በየመንገዱ የምናየው ቪትዝ፣ ዲኤክስ፣ ሃይስና አይሱዙ ገና ብዙ ዓመት እየተጠገነ ይኖራል ማለት ነው። ዕቃ ሲወደድ ተመሳስሎ የተሠራው ገበያውን ይሞላዋል፤ ባለመኪናውም በየት በኩል እንደተታለለ ሳያውቅ ሁላችንንም በአንድ ዓይን ያያል።

ስለ ኮሚሽን በግልጽ እንናገር። መኪናው ጋራዥ ይገባል፣ መካኒኩ ይፈታዋል፣ ከዚያ ወደ ሱቅ ስልክ ይደወላል። ሱቁ ሁለት ዋጋ አለው፦ ባለመኪናው በራሱ ቢመጣ የሚጠራለትና መካኒክ ልኮት ሲመጣ የሚጠራለት። ልዩነቱ ማታ ለመካኒኩ በስልክ ይላካል። ብዙ ደንበኛ ይህን ያውቃል፤ ስለሚያውቅም ሥራውን ትቶ ጋራዥ ቆሞ ይውላል፣ ወይም ራሱ መርካቶ ወርዶ የማያውቀውን ዕቃ ገዝቶ ይመጣል።

የኮሚሽን ጉዳቱ ደንበኛው ጥቂት ብር መጨመሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ መግለጫ ማውጣት ባላስፈለገን። ኮሚሽን የሚበዛው ትርፍ በሚበዛበት ዕቃ ላይ ነው፤ ትርፍ የሚበዛው ደግሞ በኮፒው ላይ ነው። ዋጋው ተቆርጦ በተለጠፈበት የወኪል መደብር ለመካኒክ የሚተርፍ ነገር የለም፤ ሳጥኑ ብቻ ኦሪጅናል በሚመስለው ዕቃ ላይ ግን አለ። ስለዚህ ምክሩ፣ መካኒኩ ክፉ ሰው ባይሆን እንኳ፣ ወደ መጥፎው ዕቃ ያዘነብላል። የፍሬን ሸራ ላይ ሲደርስ ይህ ነገር የሰው ሕይወት ይሆናል።

በሌላ በኩል ዕቃ ፍለጋ ከተክለ ሃይማኖት ሶማሌ ተራ ሲመላለስ ግማሽ ቀን የፈጀ ሠራተኛ ደክሟል፤ ድካሙ ሊከፈለው ይገባል። ማኅበራችን የሚለው ክፍያው ይታይ ነው። የሒሳብ መጠየቂያው ላይ «የዕቃ ግዢ አገልግሎት» ተብሎ በብር ይስፈር፤ ደንበኛው አይቶ ይስማማበት ወይም ይከራከርበት። ከዚህ ውጭ ከሱቅ የሚቀበል አባል የማኅበሩን ሥነ ምግባር እንደጣሰ ይቆጠራል። የሠራተኛውን ደመወዝ በኮሚሽን ተስፋ አሳንሶ የሚከፍል የጋራዥ ባለቤትም ከተጠያቂነቱ አያመልጥም፤ ችግሩን ከሥሩ የሚያበቅለው ይኸው ነውና።

ወደ ዕቃው እንምጣ። አገራችን ውስጥ የተለመደው አሮጌውን ፈቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ «ይህን የሚመስል ስጡኝ» እያሉ ከሱቅ ሱቅ መዞር ነው። ናሙና ይረዳል፤ ብቻውን ግን ያሳስታል። ሁለት ቴስቲናዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ መንትያ ይመስላሉ፤ የአንዱ ጥርስ ቀጭን ሆኖ ሊገኝ ይችላል። አንድ ሊትር ቪትዝ የሚባለውን እንኳ ብንወስድ፣ የመጀመሪያው ትውልድ ባለአራት ሲሊንደር ሞተር ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ከተተካ በኋላ የመጣው አንድ ሊትር ሞተር ባለሦስት ሲሊንደር ነው። «የቪትዝ ካንዴላ ስጠኝ» ያለ ሰው የትኛውን እንደጠየቀ ሻጩም አያውቅም። የሻንሲ ቁጥሩ ከተሰጠ ግን ካታሎጉ ትክክለኛውን ዕቃ ያወጣል። የቶዮታ የዕቃ ቁጥር በአብዛኛው አምስትና አምስት ሆኖ በሰረዝ የተከፈለ ባለአሥር አሃዝ ነው። በዚህ ቁጥር ሦስት ሱቅ ደውሎ ዋጋ ማወዳደር ይቻላል፤ «ይህን የሚመስል» በሚል ጥያቄ ግን ዋጋ አይወዳደርም። ስለዚህ አባሎቻችን የምርመራ ወረቀት ላይ የዕቃውን ስም ብቻ ሳይሆን ቁጥሩንም እንዲጽፉ ግዴታ አድርገናል። ጽፎ የሰጠ መካኒክ ደንበኛውን ከእጁ እንደለቀቀ የሚሰማው ካለ፣ ተሳስቷል፤ የተጻፈለት ደንበኛ ተመልሶ የሚመጣው ወደ ጻፈለት ሰው ነው።

ኦሪጅናልና ኮፒ የሚለው ክፍፍልም ጉዳዩን አይገልጸውም። መኪና አምራች ሁሉንም ዕቃ ራሱ አይሠራም። ዴንሶና አይሲን ለቶዮታ ዕቃ የሚያቀርቡ፣ በራሳቸው ስምና ሳጥንም የሚሸጡ ኩባንያዎች ናቸው። በዴንሶ ሳጥን የመጣ እውነተኛ ዕቃ በአብዛኛው ከመኪናው አምራች ሳጥን ካለው ያነሰ ዋጋ አለው፤ ጥራቱ ግን የሚታማ አይደለም። ባለመኪናው በወኪሉ ዋጋና «አንደኛ ኮፒ» በሚባለው መካከል ይህ መንገድ እንዳለ ሊነገረው ይገባል። የቶዮታ ወኪል ከሆነው ሞኤንኮ ወይም ከሌሎች ወኪሎች መግዛት አቅሙ ላለው ጥሩ ነው። ሁሉም ሰው ከዚያ ይግዛ ማለት ግን የአብዛኛውን ባለመኪና ኪስ አለማወቅ ነው።

ርካሹ የማይፈቀድበት ቦታ አለ። የፍሬን ሸራ፣ የፍሬን ጎማ ቱቦ፣ ቴስቲና፣ የጎማ ኩሽኔታና ኤርባግ ከታወቀ አስመጪ፣ በደረሰኝ፣ አዲስ ሆነው ካልተገዙ አባሎቻችን እንዳይገጥሙ ወስነናል። መጥፎ የፍሬን ሸራ ከሜክሲኮ ቦሌ ሲነዱበት ችግሩ አይታወቅም። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ፣ ከፍታው ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ በሚቀንስበት ቁልቁለት ላይ ፍሬን ተደጋግሞ ሲረገጥ፣ ሸራው ይግላል፤ የማጣበቂያው ጥራት የወረደ ከሆነ የሚፋተገው ክፍል ከብረቱ ይላቀቃል ወይም ላዩ እንደ መስታወት ለስልሶ መያዝ ያቆማል። ፔዳሉ ይረገጣል፣ መኪናው ግን አይቆምም። በሃይስ የተሳፈሩት ሰዎች ሱቁንም ጋራዡንም አያውቁም፤ በዋጋ ክርክሩም ላይ አልነበሩም።

የዘይት ፊልትሮ ደግሞ በዝግታ ነው የሚጎዳው። በጥሩው ውስጥ ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ወደ ታች እንዳይመለስ የሚይዝ የጎማ ቫልቭ አለ። በርካሹ ውስጥ ይህ ቫልቭ ወይ የለም፣ ወይ ቶሎ ይደርቃል። ጠዋት ሞተር ሲነሣ ለጥቂት ሰከንድ የሚሰማው ደረቅ መንኳኳት አንዱ መነሻው ይኸው ነው።

ያገለገለ ዕቃን በተመለከተ፣ ይህ ዕቃ የሚሸጥበትን ሶማሌ ተራን በጅምላ መኮነን የማኅበራችን አቋም አይደለም። ፓራፋንጎ፣ ኮፈን፣ ፓራውልት፣ በር፣ መብራት ከተፈታ መኪና ቢገዛ ምንም ክፋት የለውም፤ እንዲያውም የመጀመሪያው ፋብሪካ ብረት ከአዲሱ ኮፒ ይሻላል፣ ክፍተቱም ልክ ይገጥማል። ሞተርና ካምቢዮም እንዲሁ ይገዛሉ። ነገር ግን የሞተር ቁጥር ሊብሬ ላይ ስለሚሰፍር ሞተር ያለ ሕጋዊ ሰነድ ገዝቶ መግጠም በመኪናው ላይ ለሽያጭም ለቦሎም መዘዝ ያመጣል።

ሌላው የስርቆት ጉዳይ ነው። ስፖኪዮውን ሌሊት የተነቀለ ሰው ጠዋት ሄዶ የራሱን ስፖኪዮ ገዛ የሚለው ቀልድ ከተማው ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ ባለመኪናዎች የሰሌዳ ቁጥራቸውን በስፖኪዮና በመስታወት ላይ የሚያስቀርጹት ያለ ምክንያት አይደለም። ቁጥር የተፋቀበት ወይም የሌላ ሰው ሰሌዳ የተቀረጸበት ዕቃ ደንበኛ ይዞ ቢመጣም አባሎቻችን አይገጥሙም። በወንጀል የተገኘን ዕቃ እያወቁ መግዛትና መሸሸግ በወንጀል ሕጋችን ያስጠይቃል፤ «እኔ ገጣሚ ብቻ ነኝ» የሚል መከላከያ ደግሞ ለጋራዥ ክብር አይመጥንም።

ስለ ደረሰኝ ስንናገር ነጋዴዎች አይቀየሙን። «ያለ ቫት ልስጥህ» የሚለው ቅናሽ ገዢው ማስረጃውን የሚሸጥበት ዋጋ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ ሸማቹ በገዛ በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ደረሰኝ የሌለው ሰው ይህን መብት በምን ያስረዳል? ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብሎ የለጠፈ ሱቅ በዚህ ወረቀት አዋጁን አይሽረውም። የኤሌክትሪክ ዕቃን በተመለከተ ግን የነጋዴው ሥጋት ይገባናል፤ ሴንሰር በስህተት ተገጥሞ ተቃጥሎ የሚመለስበት ጊዜ አለ። በዚህ ላይ ከነጋዴዎች ጋር ተቀምጠን አንድ አሠራር ለመቅረጽ ዝግጁ ነን።

ደንበኛ ራሱ የገዛውን ዕቃ ይዞ ሲመጣስ? እንገጥማለን። ለገጠምንበት ሥራ ኃላፊ ነን፤ ለዕቃው ጥራት ግን አይደለንም፤ ይህም ከሥራው በፊት በጽሑፍ ይነገረዋል። እላይ የዘረዘርናቸው የደኅንነት ዕቃዎች ግን ያስቀመጥነውን መስፈርት ካላሟሉ አይገጠሙም፤ ቢያሟሉም መካኒኩ ካልተማመነባቸው የመከልከል መብት አለው። ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ ዘመድ በሻንጣ የሚያመጣውም ዕቃ በዚሁ ይዳኛል፤ ከመላኩ በፊት የሻንሲ ቁጥሩ ለዘመድ ቢላክ ብዙ ኪሳራ ይቀራል፤ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው ኮሮላ ዕቃ እዚህ ላለው ላይገጥም ይችላልና።

ለኤሌክትሪክ መኪና ገዢዎች አንድ ነገር ብቻ እንበል። ከመግዛታችሁ በፊት ዕቃውን ማን እንደሚያመጣ ጠይቁ። የሞተር ዘይትና የዘይት ፊልትሮ ባይቀየርላቸውም ቴስቲና፣ ቦኮላ፣ ጎማና መብራት እነሱም ያስፈልጋቸዋል፤ ወኪል የሌለው ሞዴል አንድ የፊት መብራት ሲሰበር ከቻይና እስኪመጣ ይቆማል።

ለአባሎቻችን ደግሞ ሁለት ትንንሽ ግን የማንደራደርባቸው ነገሮች አሉ። የኦሪጅናል ዕቃ ባዶ ካርቶን ይቀደድ፣ የዘይት ባዶ ጋሎን ይበሳ፤ ሁለቱም ገዢ አላቸው፣ ገዢያቸው ምን እንደሚሞላባቸውም እናውቃለን። የተፈታው አሮጌ ዕቃም የባለመኪናው ነው፤ ሳይጠይቅ በእጁ ይሰጠው፣ አልፈልግም ካለ ያኔ ይጣል።

ከመንግሥት የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የፍሬን ሸራ፣ የፍሬን ቱቦና ጎማ ወደ አገር ሲገቡ የጥራት ፍተሻቸው ይጥበቅ። ጎማ ላይ የተጻፈው ባለአራት አሃዝ የምርት ሳምንትና ዓመት፣ ለምሳሌ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት መሆኑ፣ በሽያጭ ደረሰኝ ላይ እንዲሰፍር ይደረግ። ለደኅንነት ዕቃዎች የሚጣለው ቀረጥና ታክስም ከጌጣጌጥ ዕቃው ተለይቶ ይታይ፤ እውነተኛውን የፍሬን ሸራ ማስወደድ ኮፒውን መደጎም ነው።

ባለመኪናዎች፣ ከዛሬ ጀምሮ የማኅበራችን አባል ወደ ሆነ ጋራዥ ስትገቡ የዕቃውን ቁጥር በጽሑፍ፣ የግዢውን ደረሰኝ በስማችሁ፣ አሮጌውን ዕቃም በእጃችሁ ጠይቁ። ከሦስቱ አንዱን የከለከላችሁ አባል ካለ ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አመልክቱ፤ አቤቱታችሁን ተቀብለን ውሳኔያችንን በጽሑፍ እናሳውቃችኋለን።