በነጋሪት ያልታወጀ ሕግ

የመንግሥትን አስተዳደር ማዘመን በዘመናችን የመሣሪያ መለወጥ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ ተባለ፤ ውጤት ተኮር ምዘና ተከተለ፤ ካይዘን ከጃፓን ተጋብዞ ገባ፤ የዜጎች ቻርተር በየግድግዳው ተለጠፈ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ መሶብ የተባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ተመረቀ። ከእነዚህ አንዱንም መናቅ አይገባም፤ ስንት ቀን ደጅ ይጠና የነበረ ባለጉዳይ በአንድ ረፋድ ጨርሶ ቢመለስ እሰየው ነው። ነገር ግን ፍጥነትን ግልጽነት ብሎ መጥራት፣ የጸሐፊውን እጅ ማቀላጠፍ የሹሙን መዝገብ ከመግለጥ ጋራ አንድ አድርጎ መቁጠር፣ ታላቅ ስሕተት ነው።

ሐርላን እንመልከት። ከድሬዳዋ ከተማ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር በምትገኘው በዚህች መንደር ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል የመራው የቁፋሮ ቡድን የ12ኛውን መቶ ዓመት መስጊድ፣ የጌጥ ሠሪዎችን ወርክሾፕና ከቻይና ድረስ የመጣ የሸክላ ስባሪ ስላገኘ፣ የጥንቷ ከተማ ስም ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ በዓለም ተሰምቷል። ይሁንና በዚያው ፍርስራሽ አጠገብ የሚያርሰው፣ በአብዛኛው ኦሮምኛ ተናጋሪ የሆነው ገበሬ፣ ስለ ውሃው ወይም ስለ መሬቱ የተወሰነው ውሳኔ በማን ሥልጣንና በምን ምክንያት እንደ ተወሰነ ማወቅ ቢሻ ከየትኛው ደጅ ይቁም? በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ዘጠኙን ክልሎች በስም ይቆጥራል፤ አዲስ አበባንም በአንቀጽ 49 ያነሣል፤ ድሬዳዋን ግን በአንድ ቃል እንኳ አይጠራም። ከተማዪቱ የቆመችው በዐዋጅ ቁጥር 416/1996 በተሰጣት ቻርተር ሲሆን፣ ተጠሪነቷም ለፌዴራሉ መንግሥት ነው።

ከዚህ የከፋው ግን በቻርተሩም ውስጥ የሌለው ነገር ነው። ሥልጣንን 40 እጅ ለኦሮሞ፣ 40 እጅ ለሶማሌ፣ 20 እጅ ለሌሎች የሚያከፋፍለው ቀመር ለረጅም ዓመታት የድሬዳዋ እውነተኛ ሕግ ሆኖ ሲኖር፣ ምክር ቤት በግልጽ ተከራክሮበት በዐዋጅ አላጸደቀውም። በ2011 ዓ.ም. ወጣቶች አደባባይ ወጥተው ከተቃወሟቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነበር። የቀደሙት ነገሥታት እንኳ ፈቃዳቸውን በገበያ መካከል ነጋሪት አስጎስመው ያሰሙ ነበር፤ እኛ በ1934 ዓ.ም. የተመሠረተ የሕግ ጋዜጣ ይዘን፣ ከተማ የሚተዳደርበት ቀመር ጸንቶ ይሁን ተሽሮ ከገጹ አንብበን ልንረዳ አንችልም!

ቀመሩን የሚደግፉ ሰዎች የሚያቀርቡት ምክንያት አለ፤ ይኸውም ሁለት ክልሎች «የእኔ ናት» በሚሏት ከተማ ውስጥ ሰላም የተጠበቀው በዝምታ ስምምነት ነው፣ ቢገለጥ ይፈርሳል የሚል ነው። ይህን አቅልዬ አላየውም። ነገር ግን የተሠወረ ስምምነት ተጠያቂ የለውም፤ ተጠያቂ የሌለውም ስምምነት ሲጎዳህ አቤት የምትልበት፣ ሲጠቅምህም የምትመሰክርለት አይሆንም። መቅደስ መጋረጃ ቢኖረው ለምሥጢሩ ክብር ነው፤ የሹመት ድልድል ግን ምሥጢረ ቤተ ክርስቲያን አይደለም።

ግልጽነትን የሚያዝዝ ሕግ የለም እንዳይባል ደግሞ አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዝዛል፤ ዐዋጅ ቁጥር 590/2000ም መረጃ ለጠየቀ ዜጋ በ30 ቀን ውስጥ ምላሽ እንዲሰጠው ደንግጎ፣ እንባ ጠባቂን ተቆጣጣሪ አድርጓል። ስዊድን የመዝገቧን በር በ1766 እ.ኤ.አ. ስለ ከፈተች እኛ ዘገየን ማለት እንጂ አልጀመርንም ማለት አይቻልም። ሆኖም ዐዋጁ የመረጃውን ቁልፍ ለማን ሰጠ? ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው! የመሥሪያ ቤቱን ምስጋና እንዲያሰማ የተቀጠረውን ሰው፣ የመሥሪያ ቤቱን ጉድፍ እንዲገልጥ ማዘዝ ምን ዓይነት ጥበብ ነው? እንዲህ ያለው ሹም የምርቃት ሪባን ሲቆረጥ ፎቶግራፍ ያሠራጫል፤ የጨረታ ሰነድ ሲጠየቅ ግን «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ይላል።

እንግዲህ የድሬዳዋ ምክር ቤትም ሆነ የፌዴራሉ ፓርላማ ይህን ቀመር በአደባባይ ተከራክረውበት ወይ በዐዋጅ ያጽኑት፣ ወይ በዐዋጅ ይሻሩት። የመረጃውም ሹም ከሕዝብ ግንኙነት ክፍል ወጥቶ፣ የሚከለክለውን በጽሑፍና በምክንያት የሚከለክል፣ ለሐርላውም ገበሬ በገዛ ቋንቋው የሚመልስ ራሱን የቻለ ባለሥልጣን ይሁን።