ኢንተርኔት ሲቋረጥ የሚቋረጠው የሐኪሞች ዕውቀት

መድኃኒት የተላመደ የሳንባ ነቀርሳ የያዘው ሰው ከጥቂት ዓመታት በፊት ሕክምናው 18 ወራትና ከዚያ በላይ ሊወስድበት ይችል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ2022 ለብዙዎቹ ሕሙማን የ6 ወራት ሕክምና እንዲሰጥ ምክረ ሐሳብ አቀረበ። ይህን ለውጥ በጊዜው ያልሰማ ሐኪም፣ በቅንነት እየሠራም ቢሆን፣ የሕመምተኛውን ስቃይ ያራዝማል።

እንዲህ ያለው መረጃ ዛሬ በአፍሪካ ቀንድ ለሚሠሩ ባለሙያዎች ፈጥኖ የሚደርሰው በኢንተርኔት ነው። በ2002 የተጀመረው ሂናሪ የሕክምና መጽሔቶችን ለታዳጊ አገራት በነጻ ወይም በዝቅተኛ ክፍያ ያቀርባል። ይሁንና አገልግሎቱ የሚሰጠው ለተቋማት በመሆኑ፣ ባልተመዘገበ የገጠር ጤና ጣቢያ ያለ ባለሙያ ተጠቃሚ አይሆንም።

ኢትዮጵያና ኬንያ የሙያ ፈቃድ እድሳትን ከተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና ጋር አስተሳስረዋል። እርምጃው ተገቢ ነው። ነገር ግን በትግራይ ጦርነት ወቅት ለሁለት ዓመታት ያህል፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል ለወራት ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ሐኪሙ ዕውቀቱን እንዲያድስ የሚያስገድድ መንግሥት፣ የሚማርበትን መስመር ክፍት የማድረግ ግዴታም አለበት።

እስከዚያው ያለ ኢንተርኔት በስልክ የሚነበቡ የሕክምና መመሪያዎችን አስቀድሞ ማሰራጨት ይቻላል። የግንኙነት መስመር ሲዘጋ በሽታ አብሮ አይቆምምና።